ስትሮክ ያመጣል የተባለውን የኮሌስትሮል ክኒን ከመተውዎ በፊት

ይርጋጨፌ ወይም ዲላ ታክመው፣ የኮሌስትሮል ክኒን ይዘው አሪቻ የተመለሱ ሰው «እሱ መድኃኒት እኮ ስትሮክ ያመጣል፤ ይቅርብዎት» የሚል ጎረቤት ቢገጥማቸው አይገርምም። ወሬው ከባዶ የተነሳ አይደለም። ነገር ግን ከፊሉ ብቻ ነው የሚወራው። ክኒኑ ለአብዛኛው ወሳጅ ስትሮክን ይከላከላል፤ ለጥቂቶች ደግሞ ሐኪም ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ የደም መፍሰስ ሥጋት አለው። ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ሳያውቁ መተው አደጋ ነው። ለማወቅ የሚከተለውን በቅደም ተከተል ያድርጉ።

1. የያዙት ክኒን ምን እንደሆነ ይለዩ

እሽጉን አውጥተው ስሙንና መጠኑን ያንብቡ፤ ማንበብ ካልቻሉ ተማሪ ልጅ ያንብብልዎት። አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲን፣ ሮሱቫስታቲን የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው፤ ጉበት ኮሌስትሮል የሚያመርትበትን መንገድ ያግዳሉ። የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከሻጋታ ያገኘው ጃፓናዊው ተመራማሪ አኪራ ኤንዶ ነው። ኒስታቲን ግን ስሙ ቢመሳሰልም የፈንገስ መድኃኒት ስለሆነ ይህ ሁሉ አይመለከተውም። ፋርማሲው ክኒኑን ቆርጦ በትንሽ ፖስታ ከሰጠዎትና ስም ከሌለበት ተመልሰው ያስጽፉ። ስሙን የማያውቁት መድኃኒት ላይ ማንም ሊመክርዎት አይችልም።

2. ከዚህ በፊት ስትሮክ መትቶዎት ከነበረ ዓይነቱን ይጠይቁ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው የአንጎል ደም ሥር በረጋ ደም ይደፈናል፤ በሌላኛው ሥሩ ይፈነዳና ደም ይፈስሳል። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ አፍ ይጣመማል፣ እጅ ይዝላል፣ ንግግር ይጠፋል። በእርግጠኝነት የሚለያቸው እንደ ሲቲ ስካን ያለ የራስ ምርመራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የእንግሊዝ ጥናት ለልብና ለደም ሥር በሽታ የተጋለጡ 20,536 ሰዎችን ተከታትሏል። ግማሾቹ በቀን 40 ሚሊግራም ሲምቫስታቲን ወሰዱ፤ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን። ባዶውን ክኒን ከወሰዱት ከ1,000 ሰው 57ቱን ስትሮክ ሲመታቸው፣ ሲምቫስታቲን ከወሰዱት ግን 43ቱን ነበር። ሩብ ያህል ቀነሰ ማለት ነው።

የወሬው ሥር ያለው በሌላ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ይህ ጥናት በቅርቡ ስትሮክ ወይም ቶሎ የሚያልፍ የስትሮክ ምልክት የነበረባቸውን 4,731 ሰዎች ያካተተ ሲሆን፣ ግማሾቹ ከፍተኛውን የአቶርቫስታቲን መጠን፣ 80 ሚሊግራም፣ ወስደዋል። በድምሩ ስትሮክ የመታቸው ክኒኑን ከወሰዱት 265፣ ካልወሰዱት 311 ነበሩ። የደም መፍሰሱን ዓይነት ብቻ ለይተን ስናይ ግን ቁጥሩ ይገለበጣል፤ ከወሰዱት 55፣ ካልወሰዱት 33። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ተጽፏል። አጠቃላይ ጥቅሙ ያመዝናል፤ ጉዳቱም አለ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው።

እንግዲህ ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠዎትን ወረቀትና የሲቲ ስካን ውጤት ይፈልጉ። ደም ፈስሶ ከነበረ ክኒኑን ላዘዘው ሐኪም ይህን ሳይውል ሳያድር ይንገሩና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከዚያ ስትሮክ በኋላ ይህን ክኒን መቀጠሌ ያስፈልጋል ወይ? መጠኑ ይቀነስ ወይ? ግፊቴስ ልክ ላይ ነው ወይ? የነበረብዎት የረጋ ደም ከሆነ ወይም ስትሮክ መትቶዎት የማያውቅ ከሆነ ክኒኑን በወሬ የሚተዉበት ምክንያት የለም። የረጋ ደም ስትሮክ የመታው ሰው ክኒኑን በድንገት ሲያቋርጥ ሁኔታው እንደሚብስ የታየበት ጥናት አለ።

«እገሌ ክኒኑን ጀምሮ ነው ስትሮክ የመታው» የሚል ሲያጋጥምዎትም ይህን ያስቡ። ክኒኑ የሚታዘዘው ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ላለበት፣ ማለትም መጀመሪያውኑ ስትሮክ ለሚያሰጋው ሰው ነው። ከክኒኑ በኋላ መጣ ማለት በክኒኑ መጣ ማለት አይደለም።

3. ግፊትዎን ይለኩ

በእኔ እምነት ስለ ክኒኑ ከሚባክነው ጭንቀት ሩቡ እንኳ ለግፊት ቢውል ብዙ ሰው ይተርፍ ነበር። ለሁለቱም የስትሮክ ዓይነት ዋናው ጠንቅ የደም ግፊት ነው። በአቅራቢያዎ ባለው ጤና ጣቢያ ይለኩ። ከመለካትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፤ አሪቻ ላይ ይህ ከባድ ትእዛዝ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ቁጥሩን ያዛባል። ጀርባዎን አስደግፈው 5 ደቂቃ ይረፉ፤ ክንድዎ በልብዎ ትይዩ ይሁን። በተለያየ ቀን ተለክተው 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መታከም አለበት። ጫትም ጨውም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፤ ቡናው ውስጥ የምትገባዋ ጨው ጭምር።

4. ስለ ቡናው

የአሪቻ ቡና በስሙ ተጠርቶ በዓለም ገበያ ይሸጣል፤ ማንም አትጠጡ ሊላችሁ አይችልም። ግን አንድ ነገር ማወቅ ይበጃል። ፈልቶ በወረቀት ሳይጠለል በሚጠጣ ቡና ውስጥ ካፌስቶል የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ ከቡናው ዘይት ጋር ይመጣና ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርጋል። ጉዳዩ መጀመሪያ ትኩረት የሳበው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሰሜን አውሮፓ፣ ቡና አፍልተው በሚጠጡ ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ነው። ወረቀቱ ዘይቱን ያስቀረዋል፤ ጀበና አያስቀረውም። ስለዚህ በቀን ብዙ ዙር የሚጠጡ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ጀበናውን እስኪሰክን ይታገሡት፤ አተላውንም አይጠጡ። ዘይቱን ሁሉ ባያስቀርም ከአተላው ጋር የሚመጣውን ይቀንሳል። ቡናው ላይ ቅቤ የሚጨምሩ ከሆነ ደግሞ መቀነስ የሚጀመረው ከቅቤው ነው።

5. ሌሎች መድኃኒቶችዎን አብረው ያሳዩ

ሁሉንም በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ። ለግፊት አምሎዲፒን የሚወስዱ ከሆነ ሲምቫስታቲን በቀን ከ20 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመከራል። ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮች ከሲምቫስታቲን ጋር አይወሰዱም። ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒትም እንዲሁ፤ ይህን የሚወስዱ ሰዎች የኤችአይቪውን መድኃኒት ማቋረጥ የለባቸውም፤ የሚቀየረው የኮሌስትሮሉ ነው። አስፒሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ የደም መፍሰሱን ሥጋት ስለሚነካ በግልጽ ይናገሩ። የባህል መድኃኒትም ካለ አይደብቁ። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ለሐኪሟ ቶሎ ትንገር።

6. እስኪጠይቁ ድረስ በታዘዘው መሠረት ይቀጥሉ

ሲምቫስታቲን ማታ ይወሰዳል፤ አቶርቫስታቲን በማንኛውም ሰዓት። ቀይ ቡና በሚለቀምበት ወቅት ከንጋት እስከ ማታ ማሳና ማጠቢያ ጣቢያ የሚውል ሰው ክኒኑን ይረሳል፤ ከእራት ጋር ቢያደርገው ይቀለዋል። ቢረሳ በማግሥቱ ሁለት አይውሰድ።

ክኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶችም አሉ። እነዚህም ከሥራ ድካም የተለየ ከባድ የጡንቻ ሕመም ወይም ዝለት፣ በተለይ ሽንት ሲጠቁር፤ የዓይን ቢጫ መሆን፤ የከንፈርና የፊት ማበጥ ናቸው። ቀለል ያለ የጡንቻ ሕመም ሲሆን ግን ሳያቋርጡ ያማክሩ፤ መጠን በመቀነስ ወይም ከቤተሰቡ ሌላውን በመስጠት ብዙ ጊዜ ይፈታል።

7. የስትሮክ ምልክት ሰው ላይ ከታየ

ፈገግ እንዲሉ ይጠይቋቸው፤ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ይሄዳል ወይ? ሁለት እጃቸውን ያንሡ፤ አንዱ ይወድቃል ወይ? አንድ ዓረፍተ ነገር ይድገሙ፤ ይኮላተፋሉ ወይ? አንዱ እንኳ ካለ ሰዓቱን ይመዝግቡ፤ ደህና ሆነው የታዩበትን የመጨረሻ ሰዓት ማለቴ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። በየሆስፒታሉ ባይገኝም ስኳርና ግፊት መለካት፣ ትንፋሽና መዋጥ መጠበቅ ራሱ ሕይወት ያተርፋል። የስኳር መውረድም ስትሮክ መስሎ ሊመጣ ይችላል።

በጎናቸው ያስተኟቸው። ውሃም ምግብም በአፋቸው አይስጡ፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። አስፒሪን አይስጡ፤ ደም እየፈሰሰ ከሆነ ያባብሰዋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የወረዳውን የአምቡላንስ ስልክ ግን ዛሬውኑ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተቀብለው ይያዙ፤ ሲቲ ስካን የሚሠራው ዲላ ይሁን ሐዋሳም አብረው ይጠይቁ። ከዲላ ሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያን መንገድ በግምት መጀመር አይገባም። ጸሎቱ መኪና ውስጥም ይደረጋል፤ መኪናው አይዘግይ።

8. ያስመዝግቡ

ጉዳቱ ከክኒኑ ነው ብለው ከጠረጠሩ ለጎረቤት ከመንገር በፊት ለባለሙያ ይንገሩ። ፋርማሲስቱ ወይም ሐኪሙ የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርት ሞልቶ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይልካል፤ እርስዎም በ8482 መደወል ይችላሉ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ እሽጉ ላይ ያለውን የምርት መለያ ቁጥር፣ የጀመሩበትንና ምልክቱ የታየበትን ቀን፣ አብረው የወሰዱትን ሌላ መድኃኒት ይዘርዝሩ። እሽጉን አይጣሉት። አንድ ሪፖርት ብቻውን ጥፋተኛውን አያረጋግጥም፤ ሲጠራቀም ግን መድኃኒት ከገበያ ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው ሴሪቫስታቲን የተሰበሰበው ጡንቻን እያፈረሰ ሰው መግደሉ በሪፖርቶች ስለታወቀ ነው። የ8482 ጥሪ ነፃ ነው፤ ይደውሉ።