ባቡሩ መቼ ገባ?

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የ8ኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት መምህርታችን የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ክፍሉን ተክቼ ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ። ከቢሮ ወጥቶ ጠመኔ መያዝ ደስ ይላል፤ ስሕተትም አያጣም። ይህ ጽሑፍ ስለ አንዱ ስሕተቴ ነው።

የሰጠሁት የቤት ሥራ አንድ መስመር ነበር፦ «የጅቡቲ አዲስ አበባ ባቡር አዲስ አበባ የገባው መቼ ነው? ከኢንተርኔት ፈልጋችሁ ጻፉ።» ጅቡቲ ለሚያድግ ልጅ ከዚህ የቀረበ ጥያቄ የለም ብዬ ነበር። ደብተሮቹ ሲሰበሰቡ አራት ዓይነት መልስ መጣ፦ 1909፣ 1917፣ 2009 እና 2016። በእጄ ያለው የመልስ ቁልፍ 1909 ይላል። ማታ በድካም ሳርም 1909 ላልጻፉት ሁሉ በቀይ ኤክስ አደረግሁባቸው።

በማግስቱ የአንዲት ተማሪያችን አባት መጡ። ወደብ ላይ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ የጭነት ወረፋቸውን ለጓደኛ አደራ ብለው ነው የመጡት። ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው፣ «ዳይሬክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጄ የተሳሳተችው ምኑን ነው?» አሉኝ። ልጅቱ 1917 ብላለች። አየሁት፤ ደግሜ አየሁት። አልተሳሳተችም። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በጁን 1917 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1909 ዓ.ም. ማለት ነው። ሌሎቹ ሁለት ቁጥሮችም ከሜዳ የመጡ አይደሉም፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016፣ ማለትም በመስከረም 2009 ዓ.ም. ነው። የእኔ ጥያቄ የትኛው ባቡር እንደሆነ አላለም፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም አላለም።

አባትየውን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ማርኩንም ለሁሉም መለስኩ። ከዚያ ልጅቱን ጠርቼ «1917 መሆኑን በምን አወቅሽ?» ስላት፣ «መጀመሪያ ላይ የወጣውን ነው የጻፍኩት፣ ቲቸር» አለችኝ። ትክክለኛ መልስ ይዛ ትክክል መሆኑን አታውቅም ነበር። ከኤክሱ የበለጠ ያሳሰበኝ ይኼኛው ነው።

የዕለት ትምህርት ዕቅዴን አውጥቼ አየሁ። «ዓላማ» በሚለው ሣጥን ውስጥ የጻፍኩት፣ «ተማሪዎች የኢንተርኔትን አጠቃቀም ይረዳሉ» የሚል ነው። ባልደረቦቼ መምህራን ይህችን ዓረፍተ ነገር ያውቋታል። ሁላችንም ጽፈናታል፤ እኔም በዳይሬክተርነቴ ስንት ጊዜ ፈርሜባታለሁ። ልጅቱ ኢንተርኔት ከፍታ መልስ አምጥታለች፤ እንግዲህ «ተረድታለች» ልበል? ሮበርት ሜገር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ፣ ዓላማ ሲጻፍ ሦስት ነገር እንዲገለጽ መክሯል፦ ተማሪው ምን ሲያደርግ እንደምናየው፣ በምን ሁኔታ እንደሚያደርገው፣ እስከ ምን ደረጃ ሲያደርገው በቃ እንደምንል። ኮሌጅ ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። የገባኝ ግን እኚያ አባት ከቢሮዬ ከወጡ በኋላ ነው።

አዲሱ ዓላማዬ እንዲህ ሆነ፦ «ተማሪዎች በ40 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢያንስ በሁለት ቋንቋ ፈልገው፣ የድሮው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰበትን ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር ይጽፋሉ፤ አንዱ ከሌላው ያልገለበጠ ሁለት ምንጭም ያሳያሉ።» አያምርም፣ ረጅም ነው። ግን ማን እንደቻለና ማን እንዳልቻለ፣ ያልቻለውም የቱ ጋ እንደወደቀ ያሳያል።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ብዙ ነገር ታየ። ልጆቹ ሙሉ ጥያቄያቸውን ለሰው እንደሚያወሩ አድርገው ነው የሚጽፉት፤ ወደ ሦስት አራት ቃል እንዲያሳጥሩት አደረግን። «ሐዲድ» ብለው የጻፉትና «ሀዲድ» ብለው የጻፉት አንድ ዓይነት ገጽ አልወጣላቸውም፤ «ጅቡቲ» እና «ጂቡቲ»ም እንደዚያው። በፊደላችን ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ማሽኑ ግን ሁልጊዜ አንድ አድርጎ አያያቸውም። ስለዚህ አንዱ ፊደል እምቢ ሲል ሌላውን መሞከር ነው። አዲሱ ባቡር እየገባ ሲያስቸግራቸው፣ ከቃሉ ፊት ያለ ክፍተት የመቀነስ ምልክት አድርገው «ኤሌክትሪክ»ን አስወጡት። የገረመኝ ፈረንሳይኛው ነው። መንገድ ላይ ሲጫወቱበት የሚውሉት ቋንቋ ነው፤ ለአማርኛ የቤት ሥራ ይጠቅማል ብሎ ያሰበ ግን አንድም ልጅ አልነበረም። መስመሩን የሠሩት ፈረንሳዮች ስለሆኑ «ሼማን ደ ፌር» ብለው ሲጽፉ የድሮው ወሬ ተከፈተላቸው።

ከሁሉ የከበደው የምንጩ ነገር ነው። ሁለት ልጆች ሁለት ገጽ አምጥተው «ሁለት ምንጭ» አሉኝ፤ ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የፊደል ግድፈታቸው ሳይቀር አንድ ነው። ያ አንድ ምንጭ ነው። ዓመቱን መቀየር ግን ቶሎ ለመዱ፦ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 መቀነስ። ወላጆች፣ ቤት ውስጥ ስልካችሁን ስትሰጧቸው «አገኘህ ወይ?» ከማለት «ማን ነው ያለው? ሌላስ ማን ብሎታል?» በሏቸው።

ከ23ቱ ተማሪዎች 15ቱ ዓላማው ላይ ደረሱ። ካልደረሱት አንዱ 40 ደቂቃውን ሙሉ የፈለገው አዲስ አበባ ያለው ጣቢያ ለምን «ለገሃር» እንደተባለ ነው። ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያ ከሚለው ቃል መምጣቱን አግኝቶ እጁን እያወዛወዘ መጣ። በእኔ ዓላማ ሲመዘን ባዶ ነው። ማርክ አልሰጠሁትም፤ ግን ጠመኔውን ሰጥቼው ለክፍሉ እንዲያስረዳ አደረግሁ። ዓላማ ሲጻፍ እንዲህ ላለ ልጅ የት ቦታ እንደሚተውለት ሜገር ላይ አላገኘሁም፤ ከመምህራኑ ጋር እየተነጋገርንበት ነው።

ለክረምቱ 8ኛን ለጨረሳችሁ አንድ ጥያቄ እተዋለሁ፦ የድሮው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው መቼ ነው? ወሩን ጨምራችሁ፣ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ከሁለት ምንጭ። ቁልፉ እኔ ጋ አለ፤ በዚህ ጊዜ ሁለት ዓምድ አለው።