ዳገት ምንድን ነው?

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች ሦስት ጥያቄ ሰጥተውኛል፤ የት ተወለድክ? ትርፍ ጊዜህን በምን ታሳልፋለህ? ለምን አስተማሪ መሆን ፈለግህ? በተራ ከምመልሳቸው ይልቅ አንድ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ እንዴት እንደተበላሸብኝና ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግሁ ብነግራችሁ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። መልሶቹ እዚያው ውስጥ አሉ።

የተወለድኩት ገዳሪፍ ነው። እናቴ በመተማ በኩል ሱዳን የገባችው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። አምስት ዓመት ሲሞላኝ ወደ ካርቱም መጥተን ዴም ቤት ተከራየን፤ እሷ ኒም ዛፍ ሥር ቡናና ሻይ መሸጥ ጀመረች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በዚሁ ትምህርት ቤት ነው፤ 12ኛ ክፍልንም የጨረስኩት እዚሁ ነው። ኳስ ላይ ደካማ ስለነበርኩ ጓደኞቼ ሲጫወቱ ዳር ተቀምጬ በካርቶን ጀርባ ላይ ካርታ እሥል ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የምሥለው ወንዝ ነው። እስከ ዛሬም ትርፍ ጊዜዬ የሚያልቀው በዚሁ ነው። እናቴ ይህን አይታ «መሐንዲስ ይሆናል» ትል ነበር። አስተማሪ ልሆን ነው ያልኳት ቀን የያዘችውን ሲኒ አስቀምጣ «ደሞዙስ?» አለችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እስካሁን ደህና መልስ አላገኘሁለትም።

አሁን ኦምዱርማን የሦስተኛ ዓመት የመምህርነት ተማሪ ነኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ እዚህ እየመጣሁ 4ኛ ክፍል አማርኛ በማስተማር አግዛለሁ። የተበላሸው ክፍለ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ምንባቡ በጉም የተሸፈነ ዳገት ላይ በግ ስለሚጠብቅ ልጅ ነው። ከፊት የተቀመጠ ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ዳገት ምንድን ነው?» አለኝ። «ወደ ላይ የሚወጣ መሬት» አልኩት። ጥቂት አሰበና «ወደ ባሕሪ እንደሚያሻግረው ድልድይ?» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ልጁ ግን የተሳሳተ ነገር አልተናገረም። ካርቱም ጠፍጣፋ ከተማ ናት። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ላደገ ልጅ በእግሩ ወጥቶ የሚያውቀው ከፍታ ድልድይ ነው። ያየውን ከሰማው ጋር አገናኘ፤ ትምህርት ማለትም ይኸው ነው። አስተማሪው ሲስቅበት ግን ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት እጁን አላወጣም። እኔም ለሁለት ሳምንት ያህል ወደዚያ ወንበር ማየት ከብዶኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ኮሌጅ ስለ በኽት አል ሩዳ እየተማርን ነበር። ወላጆች ስሙን ከሱዳናውያን ጎረቤቶቻቸው ሳይሰሙት አይቀሩም። ከካርቱም ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በነጭ አባይ ዳር፣ አድ ዱዌይም አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1934 የተከፈተ የመምህራን ማሠልጠኛ ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ግሪፊትስ የሚባል እንግሊዛዊ ሲሆን፣ አብሮት ይሠራ የነበረው አብዱራህማን አሊ ጣሃ ኋላ የመጀመሪያው ሱዳናዊ የትምህርት ሚኒስትር ሆኗል። ማሠልጠኛው ከዋና ከተማው ርቆ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው። ሠልጣኞቹ ነገ የሚያስተምሩት በገጠር ስለሆነ ኑሯቸው ከገጠሩ እንዳይርቅ ተፈልጎ ነበር። ከመጽሐፍ ትምህርቱ ጋር እርሻና የእጅ ሥራ ይማሩ ነበር። እዚያው ግቢ ውስጥ በነበረው የልምምድ ትምህርት ቤትም እውነተኛ ሕፃናት ፊት ቆመው ያስተምሩ ነበር።

እኔን በጣም የሳበኝ ግን እዚያ የተዘጋጀው የጂኦግራፊ ትምህርት ነው። ርዕሱ በሱዳን ሰው እንጀራውን በምን በምን እንደሚያገኝ የሚል ነው። የአገሪቱን ወንዞችና ከተሞች በዝርዝር ከማስጠናት ይልቅ ተማሪውን በሐሳብ ወደ አንድ እኩያው ቤት እንግዳ አድርጎ ይወስደዋል። በሰሜን ጎልድ ሄዶ ከሲዲቅ ጋር በቴምር ዛፎች መካከል ይውላል። በደቡብ ጫፍ ያምቢዮ ሄዶ ከማንጉ ጋር ጫካ ያያል። አትባራ ሲደርስ የባቡር ሠራተኞች ኑሮ ይጠብቀዋል። መምህራኑ መጽሐፉን ከመጻፋቸው በፊት ወደ ቦታዎቹ ተጉዘው ኑሮውን በዓይናቸው አይተዋል። አብዱራህማን አሊ ጣሃ ደግሞ ጉብኝቶቹን ሁሉ በአንድ ግጥም አሰባስቦ ጻፈ። በዕድሜ የገፉ ሱዳናውያንን ጠይቋቸው፤ ብዙዎቹ ዛሬም በቃላቸው ይሉላችኋል።

(በእኛም አገር የሚመሳሰል ነገር ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥተው ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም በአስተማሪነት። ስለ ገበሬው ብዙ ሲያወሩ የነበሩት ወጣቶች የገበሬውን ልጅ ፊት ለፊት ያገኙት ያኔ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚሻ ለሌላ ጊዜ ላቆየው።)

ታዲያ እኔም በማውቀው ነገር ልሞክር ብዬ ካርቶኔን አወጣሁ። አባይን ከግሽ ዓባይ እስከ ካርቱም በረጅሙ ሥዬ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁት፤ ሰከላ፣ ጣና፣ ጢስ ዓባይ፣ ከዚያ ድንበሩን ተሻግሮ ሮሴሪስ፣ ሰናር፣ ዋድ መዳኒ፣ በመጨረሻም ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ሞግረን። በየቦታው አንድ ልጅ አስቀመጥንና በየሳምንቱ አንዱን እንጎበኛለን። የጣናው ልጅ አባቱ በታንኳ ዓሣ ያጠምዳል። የሰናሩ ግድቡ አጠገብ ይኖራል፤ ውኃው በቦይ ወደ ጀዚራ የጥጥ እርሻ ሲሄድ ያያል። ቃላቱን የማስተምረው በጉብኝቱ ውስጥ ነው፤ ታንኳ፣ መረብ፣ ቦይ፣ ደለል።

ዳገትንም በዚሁ መልሼ አመጣሁት። ከካርታው ጎን ቁጥር ጻፍሁ፤ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ካርቱም 380 ሜትር ገደማ። ልጆቹ ቀንሰው 1,420 አገኙ። «ውኃው እኛ ዘንድ ለመድረስ ይህን ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ እናንተ በእግራችሁ ወደ ጣና ልሂድ ብትሉስ?» አልኳቸው። ያ ልጅ እጁን አወጣ። «ዳገት ነው» አለ። ቀጥሎም «በነሐሴ ወንዙ ቀይ የሚሆነው ከዳገቱ አፈር ይዞ ስለሚመጣ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ያላሰብኩት እኔ ነበርኩ። ቱቲ ደሴት ዳር ቆሞ ወንዙን በየክረምቱ የሚያይ ልጅ የባሕር ዳሩ እኩያው የማያየውን ያያል።

የመጨረሻው ጉብኝት ካርቱም ላይ ነበር። የሚጎበኘውን ልጅ እነሱው ይጻፉት ብዬ ተውኩላቸው። አንዲት ተማሪ ዛፍ ሥር ቡና የምታፈላ እናት ስላላት ልጅ ጻፈች። ከሰሉ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚያያዝ፣ ዝንጅብሉ መቼ እንደሚጨመር፣ ሐቡብ ሲነሣ ሲኒዎቹ በምን እንደሚሸፈኑ አንድም አልቀራትም። እኔ በሷ ዕድሜ «የወላጅ ሥራ» የሚለው ቦታ ላይ «ነጋዴ» ብዬ እጽፍ ነበር፤ ዛፉንም ጀበናውንም ደብቄ። ጽሑፏን ቤት ወስጄ ለእናቴ አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ «ዝንጅብሉስ ልክ ነው፤ ቅርንፉዱን ረስታዋለች» አለች። ደሞዙን አላነሣችብኝም።

በሚቀጥለው ዓመት ጉብኝታችን ከገዳሪፍ እስከ ጎንደር ባለው መንገድ ላይ ይሆናል፤ ማሽላ እርሻው፣ ጋላባት፣ መተማ፣ ከዚያ ጭልጋ ላይ ዳገቱ። ካርታውን እኔ ጀምሬዋለሁ፤ ግመል ግን አልሆነልኝም፤ የሣልኳት ሁሉ ፍየል ትመስላለች። ከላይኛው ክፍል ግመል አሳምሮ የሚሥል ካለ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ 4ኛ ክፍል ብቅ ይበል።