ያገለገለ ፒክአፕ መኪና ስለ መግዛት
ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

በሬ ሲገዙ ጥርሱን ገልጠው ያያሉ፤ ሰኮናውን ያነሣሉ፤ ጥቂት አስኪደው አረማመዱን ይመረምራሉ፤ ከማን ቤት እንደ መጣም ይጠይቃሉ። ያገለገለ መኪና ሲገዙም እንዲሁ ማድረግ ይገባል። ችግሩ ግን ስለ በሬ ያለዎትን ዕውቀት ያህል ስለ መኪና አለመያዝዎ ነው፤ ደላላውም ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። በበሬ የተታለለ ሰው አንድ በሬ ያጣል፤ በመኪና የተታለለ ግን የብዙ ዓመት የሽንኩርት ገንዘብና ከወንድሞቹ ጋር ያዋጣውን ሁሉ በአንድ ቀን ሊያጣ ይችላል።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ከውጭ ሲገቡ ከባድ ቀረጥ ጣለባቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በዚህ ሁሉ ምክንያት በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተፈላጊነቱ ጨመረ፤ ያገለገለ ፒክአፕም በሚሊዮን ብር የሚቆጠር ዕቃ ሆነ።

በመጀመሪያ መኪናው ያስፈልግዎ እንደ ሆነ ያስሉ

ከመቂ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱ 260 ይሆናል። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ናፍጣ ቢበላ ለአንድ ጉዞ 26 ሊትር ይፈጃል። ይህን በዕለቱ የናፍጣ ዋጋ ያባዙ። ለጎማ፣ ለዘይትና ለጥገና ደግሞ የነዳጁን ያህል ሌላ ይጨምሩበት፤ ለአሮጌ መኪና ከዚህ ያነሰ ሒሳብ ራስን ማታለል ነው። የተገኘውን ለጫኑት ኩንታል ያካፍሉና ለኪራይ መኪና በኩንታል ከሚከፍሉት ጋር ያስተያዩ። ምርትዎ የሚወጣው በዓመት ሁለት ወር ብቻ ከሆነና በቀረው ጊዜ መኪናው በግቢ የሚቆም ከሆነ ኪራይ ይሻላል። ወተትም ሆነ አትክልት በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የሚያመላልሱ፣ ማዳበሪያና ዘር የሚያመጡ ከሆነ ግን መኪናው ሥራ አያጣም።

ስለ ዓይነቱ

ባለ አንድ ጋቢና ፒክአፕ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቶን፣ ማለት 10 ኩንታል ገደማ እንዲጭን የተሠራ ነው። ባለ ሁለት ጋቢናው ለቤተሰብ ይመቻል፤ ነገር ግን ኋላው አጭር ነው፤ ሰውም ክብደት መሆኑን መርሳት አይገባም። እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ የሚመዝኑ አምስት ሰዎች 325 ኪሎ፣ ከሦስት ኩንታል በላይ ናቸው። ስለዚህ አምስት ሰው ተቀምጦ አሥር ኩንታል መጫን መኪናውን ማጥፋት ነው። ትክክለኛው ልክ በሊብሬው ላይ ስለ ተጻፈ እዚያ ይመልከቱ።

በአገራችን ሃይሉክስ በጣም የተለመደ ስለ ሆነ ዕቃውም መካኒኩም አይጠፋም፤ ለስሙ ግን ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላሉ። አይሱዙ፣ ኒሳንና ሚትሱቢሺም ጥሩ ፒክአፖች ሠርተዋል። ከመግዛትዎ በፊት በአቅራቢያዎ ወዳለው ከተማ መለዋወጫ መደብር ሄደው የፍሪሲዮንና የፍሬን ዕቃ መኖሩንና ዋጋውን ይጠይቁ።

የቆየው ሃይሉክስ 3 ሊትር የናፍጣ ሞተር ቱርቦ የለውም፤ የነዳጅ ፓምፑም ያለ ኮምፒዩተር የሚሠራ ነው። ጉልበቱ ትንሽ ቢሆንም በበርሜል የሚሸጥ ንጹሕ ያልሆነ ናፍጣ ቢገጥመው ከአዲሶቹ ይልቅ ይችለዋል፤ የወረዳ ከተማ መካኒክም ይፈታዋል። በኮምፒዩተር የሚታዘዙት አዲሶቹ ሞተሮች ብርቱዎችና ነዳጅ ቆጣቢዎች ናቸው፤ ነገር ግን ውኃ የገባበት ናፍጣ ውድ ዕቃቸውን ያበላሻል። በእኔ አስተያየት ከአስፋልት ርቆ ለሚኖር ገበሬ አሮጌው ይሻላል። ሆኖም ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛውን ያህል እንደሚያጣ ይወቁ። 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው መቂ ተነሥቶ 2,400 ሜትር ወደሚጠጋው አዲስ አበባ ጭኖ የሚወጣ መኪና ቀስ ቢል በሽታ ላይሆን ይችላል።

ስለ ምርመራው

ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያስነሣው ይንገሩት። ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይዳስሱ። ከሞቀ ሌላ ቀን እመለሳለሁ ይበሉ፤ አስቸግሮ የሚነሣ ሞተር ሞቆ ከጠበቀዎ ጉዳዩ ይሰወርብዎታልና። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ውኃው ላይ ዘይት ቢንሳፈፍ ወይም የሞተሩ ዘይት እንደ ወተት ቢነጣ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን የተቃጠለ ወይም ቴስታታው የተሰነጠቀ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለውን መኪና ትተው ይሂዱ። ውኃው እንደ ቀይ አፈር ከሆነ ራዲያተሩ በዝገት እየተደፈነ ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ክዳኑ በደንብ የማይገጥም ራዲያተር በደጋ ዳገት ላይ ቶሎ ያፈላል።

ከዚህ በኋላ ያስነሡትና ጭሱን ይመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ ያሳያል፤ ይህም ፋሻው ማለቁን ሊያመለክት ይችላል፤ ጥገናውም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይቋረጥ ነጭ ጭስም አደገኛ ነው። ጥቁር ጭስ ግን በደፈናው አያስፈራም፤ የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ያንሡ፤ ጭስ እየገፋ በኃይል የሚወጣ ከሆነ ሞተሩ ከውስጥ አልቋል።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይመኑ። ወደ ኋላ መመለስ ቀላል ነው። ይልቁን የፍሬኑን መርገጫ ጎማ፣ የመሪውን ጠርዝና የሾፌሩን ወንበር ይመልከቱ። 90,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄደ የተባለ መኪና መርገጫው እስከ ብረቱ ካለቀ ቁጥሩ ውሸት ነው።

አሁን አሮጌ ልብስ ለብሰው ከሥሩ ይግቡ። ብዙ ገዢ ቀለሙን ዐይቶ ይመለሳል፤ የፒክአፕ ዕድሜ ያለው ግን ሻንሲው ላይ ነው። ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ቅጠል ተደርቦ ከሆነ መኪናው ከልኩ በላይ ሲጭን የኖረ መሆኑን ይገምቱ፤ ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር በሚያያዝበት አጠገብም ስንጥቅ ወይም የብየዳ ምልክት ይፈልጉ። ሻንሲው የተበየደ መኪና በማናቸውም ዋጋ አይገዛም። ጨው ወይም ማዳበሪያ ሲጭን የኖረ መኪና ኋላው ከሥር ይበላል፤ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባበትን ቦታ በመፍቻ ቀስ አድርገው ያንኳኩት፤ ደንቆሮ ድምፅ ካሰማ ወይም ከተፈረፈረ ዝገት ተሸፍኖበታል። ጎማዎቹ በአንድ ጎን ብቻ ካለቁ የፊት እግሩ ወይም ሻንሲው ተጣሟል።

በመጨረሻ ይንዱት፤ መንጃ ፈቃድ ከሌለዎ የሚያምኑትን ሾፌር ይውሰዱ። የሚቻል ከሆነ አራት አምስት ኩንታል ጭነው ዳገት ያውጡት። ዳገቱ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ አልቋል። በሜዳ ላይ ፍሬን ሲይዙ ወደ አንድ ወገን መሳብ የለበትም። በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ በጭቃ ወይም በልቅ አፈር ላይ አስገብተው ይሞክሩት፤ ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ የተጣበቀ ብዙ ነው። መካኒክ ሲወስዱ የራስዎን እንጂ ደላላው የሚያመጣውን አይውሰዱ።

ስለ ወረቀቱ

ደኅና መኪና በመጥፎ ወረቀት ከተገዛ መጥፎ መኪና ነው። በሻንሲው ብረት ላይ የተቀረጸውን ቁጥርና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ቁጥር ካዩ ንግግሩን ያቁሙ። ከዚያ መኪናው ወደ ተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት ያረጋግጡ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ ወደ እርስዎ አይዛወርም፤ ዋጋው ከሌላው በጣም ረክሶ ካገኙት አስቀድመው ይህን ይጠይቁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መኪና ለመሸጥ የሚያስችል መሆኑንና አለመሻሩን ሰጪው ክፍል ዘንድ ያጣሩ።

ስለ ቀብድም አንድ ነገር ይወቁ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ምርመራውንና ወረቀቱን ሳይጨርሱ ቀብድ አይስጡ። ቀሪውንም ውሉ ሰነድ በሚያረጋግጠው ጽሕፈት ቤት ሲፈረም በባንክ ይክፈሉ።

ሁለት ሦስት ሆናችሁ የምትገዙ ከሆነ ከሁሉ የሚያጣላው የሊብሬው ስም ነው። መኪናው በአንዱ ስም ተመዝግቦ ያ ሰው ቢሞት ወራሾቹ የሌሎቹን መዋጮ ላያውቁት ይችላሉ። ማን ምን ያህል እንዳዋጣ፣ ማን እንደሚነዳ፣ ጥገናው በምን እንደሚከፈል፣ አንዱ መውጣት ቢፈልግ ድርሻው እንዴት እንደሚገመት በጽሑፍ አድርጋችሁ አረጋግጡት። የተመዘገበ የኅብረት ሥራ ማኅበር ካላችሁ በማኅበሩ ስም መግዛት ይበልጣል። የልማት ሠራተኞች በዚህ ነገር ላይ ገበሬዎችን ብትረዱ መኪና ከመምረጥ የበለጠ ትጠቅሟቸዋላችሁ።

ቦሎው የዘንድሮ መሆኑን ይዩ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን የራስዎን መኪና ጉዳት አይከፍልም። መኪናው ለግል የተመዘገበ ከሆነ የጎረቤትን ጭነት በኪራይ ከመጫንዎ በፊት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱንና የመድን ድርጅቱን ይጠይቁ።

ከተገዛ በኋላ

ሻጩ ትናንት ቀየርሁት ቢልም እንኳ የሞተሩን ዘይት፣ የዘይትና የናፍጣ ፊልትሮውን በመጀመሪያው ሳምንት ይቀይሩና ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በደብተር ይጻፉ። በናፍጣ ፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን ውኃ በየጊዜው ያፍስሱ። ማዳበሪያ በጫኑ ቀን ኋላውን በውኃ ያጥቡት፤ ብረቱን ይበላዋልና። የተባይ መድኃኒት ከእህል፣ ከአትክልት ወይም ከከብት መኖ ጋር በአንድ ጉዞ አይጫን። በጭነቱ ላይ ሰው አያስቀምጡ፤ የገበያ ቀን ልጆች ቢለምኑዎም እንኳ።