ከንጣፉ በታች ያለው ድጥ፦ ሸክላ አፈርና ጂኦሜምብሬን ተያይዘው እንደሚቆዩ የሚመረመርበት መንገድ

እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 1988 በካሊፎርኒያ፣ ኬትልማን ሂልስ በተባለው የአደገኛ ቆሻሻ ማስቀመጫ፣ 27 ሜትር ገደማ ከፍታ የነበረው ክምር ወደ 11 ሜትር ያህል በአግድም ተንሸራተተ። አንዳንዱ ቦታ ከ4 ሜትር በላይ ሰመጠ። የከዳው ከሥር የተነጠፈው ነው፤ በእርጥብ ሸክላና በልሙጥ ፕላስቲክ (ጂኦሜምብሬን) መካከል ያለው መገናኛ። በኋላ በተደረገው ምርመራ ከንጣፉ መገናኛዎች የአንዳንዶቹ የሰበቃ ማዕዘን 8 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ንጣፍ የምትነድፉ ሁሉ፣ ቁጥሩን ከመጽሐፍ አትውሰዱ፤ ለኩት።

መጀመሪያ ናሙናውን ከሥራው ቦታ አምጡ። ሸክላው ከሚቆፈርበት ጉድጓድ፣ ፕላስቲኩም ከሚዘረጋው ጥቅል ይሁን። ልሙጡና ሻካራው ጂኦሜምብሬን በስም አንድ ቢሆኑም በሥራ ፈጽሞ አይገናኙም።

ቀጥሎ ሸክላውን ጠቅጥቁ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሸክላ ውሃ እንዳያሳልፍ ከተመቻቸው እርጥበት ትንሽ ረጠብ ብሎ ይጠቀጠቃል። ፍሳሽ የሚያግደው ይኸው እርጥበት ግን መያያዙን ያላላዋል። በላዩ ያለው ፕላስቲክ ውሃ ስለማያሳልፍ፣ ክብደት ሲጨመር ውሃው በቀላሉ መውጫ አያገኝም፤ ሸክሙን ራሱ ይሸከምና ሰበቃውን ይቀንሳል። በደረቅ ናሙና የተገኘ ውጤት ምንም ያህል ቢያምር አትመኑት። የሥራ ውሉ ከሚፈቅደው የእርጥበት መጠን ከፍተኛውን ያዙ።

ከዚያ 300 በ300 ሚሊሜትር በሆነ የመቁረጫ ሳጥን ውስጥ አስገቡትና ጫኑት። 27 ሜትር ቆሻሻ ሥሩ ላይ በግምት 300 ኪሎፓስካል ይጫናል፤ ስለዚህ 100፣ 200 እና 300 ላይ ሞክሩ። ከተሞከረው ሸክም ውጭ መስመሩን አትዘርጉ።

አሁን የሳጥኑን አንድ ግማሽ ጎትቱ፣ በዝግታ። ለፕላስቲክ በፕላስቲክ የተለመደው ፍጥነት ለሸክላ ይበዛል፤ ውሃው ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ክምሩ በፍጥነት የሚወጣ ከሆነ ግን ውሃው ሳይወጣ የሚቆረጥበትንም ሁኔታ ለብቻው ለኩ። መቋቋሙ ጫፍ ላይ ደርሶ ሲወርድ ማሽኑን አታጥፉት፤ 50 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ይሂድ። ወደ ቀሪው መቋቋም የምትቀርቡት እዚያ ነው።

ሳጥኑን ስትከፍቱ ፕላስቲኩን አንስታችሁ ሸክላውን በዓይናችሁ እዩት። እንደተወለወለ የሚያብረቀርቅ ከሆነ የተንሸራተተው መገናኛው ነው። ጭቃው በሻካራው ፕላስቲክ ጥርሶች ውስጥ ተሰክቶ ከቀረ የተቆረጠው ሸክላው ራሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የበለጠ ሻካራ ፕላስቲክ መግዛት ብዙም አይጠቅምም።

ስሌቱ አጭር ነው። 1 ወደ ላይ በ3 ወደ ጎን የሆነ ተዳፋት 18.4 ዲግሪ ነው፤ ግርጌው ድጋፍ ከሌለው 1.5 የደህንነት መጠን ለማግኘት 26.6 ዲግሪ ሰበቃ ይፈልጋል። በ8 ዲግሪ የሚገኘው 0.42 ብቻ ነው። በቀሪው መቋቋምም አስሉ፤ የደህንነት መጠኑ ከ1 በታች ከወረደ የተዳፋቱን ቁልቁለት ቀንሱ ወይም ግርጌውን ደግፉት።

ሳይቱ ላይ ደግሞ ፕላስቲኩ ከመዘርጋቱ በፊት ሸክላውን በመዳፋችሁ ንኩት። ውሃ ከቋጠረ ዝርጋታውን አቁሙ።