ከቀለም በፊት ውሃ፦ የአዲስ አበባ ነባር የጭቃ ቤቶችን በአነስተኛ ወጪ ለሽያጭ ስለ ማዘጋጀት

በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች የሚገኙ ብዙ መኖሪያ ቤቶች በእንጨትና በማገር ላይ ጭቃ ተመርጎባቸው፣ ቆርቆሮ ለብሰው የተሠሩ ናቸው። ባለቤቶቻቸው፣ በተለይም ቤቱን በውርስ ያገኙና ከእርሱ በቀር ሌላ ጥሪት የሌላቸው ቤተሰቦች፣ ለመሸጥ ሲወስኑ ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚገዙት ቀለም ነው። ይህ ጽሑፍ ቅደም ተከተሉ መለወጥ እንዳለበት ያስረዳል። የጭቃ ቤት ዋነኛ ጠላት ውሃ በመሆኑ፣ አቅሙ ውስን የሆነ ሻጭ የመጀመሪያውን ብር ሊያወጣ የሚገባው ውሃን ከግድግዳው ለማራቅ ነው።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ ይኖርበታል፤ ገዢው ማን ነው? የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑ ስለ ተደነገገ፣ በሕግ የሚሸጠው ቤቱ ነው። በገበያው ቋንቋ ግን የሚጠራው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የቦታው ነው። ነባሩን ቤት አፍርሶ ሌላ ሊሠራ ለሚመጣ ገዢ ግድግዳ ማሳመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ እርሱ የሚመለከተው የይዞታ ማረጋገጫውን፣ ስፋቱንና የመኪና መግቢያውን ነው። ቀጥሎ የሚነገረው የሚያገለግለው በቤቱ ሊኖርበት ለሚያስብ ገዢ ነው።

ውሃ ወደ ጭቃ ግድግዳ የሚገባው በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ከላይ ነው፤ ሚስማሩ በላላ ወይም በዛገ ቆርቆሮ ገብቶ ኮርኒሱን ቡናማ ክብ ምልክት ያለብሰዋል። ሁለተኛው ከክዳኑ ጠርዝ የሚወርደው ነው፤ አሸንዳ በሌለበት ጠብታው መሬት መትቶ ወደ ግድግዳው እግር ይፈናጠቅና ምርጊቱን እየሸረሸረ ቋሚውን እንጨት ያጋልጣል። የተጋለጠና የራሰ እንጨት ለብስባሴም ለምስጥም የተመቸ ነው። ሦስተኛው ከታች ነው፤ ጭቃው ከመሬት ያለውን እርጥበት በቀጫጭን ቀዳዳዎቹ ወደ ላይ ይስባል። በዓመታት ውስጥ በቆሻሻና በአፈር ክምችት ግቢው ከቤቱ ወለል በላይ ከፍ ካለ ይህ እጅግ ይባባሳል። እንግዲህ ከሥራዎቹ ሁሉ ርካሹ፣ ጥቅሙም ከፍተኛው፣ አካፋና ዶማ ብቻ የሚጠይቀው ነው፦ በግድግዳው ዙሪያ የተከመረውን አፈር አንሥቶ መሬቱ ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ማድረግና የውሃ መውረጃ ቦይ መቅደድ። የላላውን የቆርቆሮ ሚስማር መቀየርና የጎደለውን አሸንዳ ማሟላት ይከተላል።

እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ጠርዞቹ በሙሉ ተጣብቀው በግድግዳው ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይቆያል። ጤዛው ከፕላስቲኩ በስተኋላ ከታየ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው፤ በክፍሉ በኩል ባለው ገጽ ላይ ከታየ ግን የጎደለው የአየር መዘዋወሪያ ነው፤ መድኃኒቱም መስኮት መክፈት ሊሆን ይችላል።

ምርጊቱ የሚጠገነው ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ማፍሰሻው በነሐሴ ዝናብ ይመረመራል፤ ጥገናው በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ ይሠራል። ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት የከረመ ጭቃ ከነባሩ ግድግዳ ጋር ይስማማል። በአንጻሩ ጠንካራ የሲሚንቶ ልስን፣ ዘመናዊ መስሎ ቢታይም፣ ለጭቃ ግድግዳ ባዕድ ነው፤ ጭቃው እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲሚንቶው ግን አብሮት አይንቀሳቀስም፤ በመጨረሻ ይሰነጠቅና ይላቀቃል። የዘይት ቀለምም እርጥበቱን በውስጥ አፍኖ ይይዛል፤ ጥቂት ቆይቶ ይፋፋል። ለዚህ ዓይነት ግድግዳ ተስማሚው በውሃ ተበጥብጦ በስሱ፣ ደጋግሞ የሚቀባ ኖራ ነው። ኖራ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ይጠነክራል፤ ግድግዳውንም እንዲተነፍስ ይተወዋል። ዓይንና ቆዳን ስለሚያቃጥል ግን ቀቢው ሊጠነቀቅ ይገባል።

የቀረው የጽዳት ጉዳይ ነው፦ የማድቤቱን ጥላሸት ማጠብ፣ የሚንጫረረውን ማጠፊያ ዘይት መቀባት፣ የተቃጠለ አምፖል መተካት፣ ከጓሮ አሮጌ ዕቃ ማስወጣት። ዕጣን ማጨስ ግን የሻጋታን ጠረን አያጠፋም፤ ጠንቃቃ ገዢን እንዲያውም ያስጠረጥራል።

በጥገናና በመደበቅ መካከል ያለው ወሰን የሕግም ወሰን ነው። የራሰን ግድግዳ በቀለም ሸፍኖ ደረቅ ነው ብሎ መሸጥ፣ ገዢው ባይታለል ኖሮ አይዋዋልም ነበር ከተባለ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1704 መሠረት ውሉን ሊያስፈርስ ይችላል። ቤቱን በአንድ ክረምት ውስጥ ሲያፈርስ የሚያይ ገዢ ሌላ መጠለያ የሌለው ሊሆን ይችላልና ጉዳዩ ከዋጋ ልዩነት ያልፋል። ስለሆነም የተሠራውንና ያልተሠራውን ለይቶ በጽሑፍ ማሳየት ለሻጩም መከላከያ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ራሱ በቁጥር 2877 በጽሑፍ ካልተደረገ ዋጋ የለውም፤ ቤቱ የጋራ ከሆነም በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የባልና ሚስቱ ስምምነት ያስፈልጋል። የወራሽነት ማስረጃው ያላለቀ፣ ካርታው በሟች ስም የቀረ ቤት፣ ግድግዳው የቱንም ያህል ቢነጣ፣ ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ይመለሳል፤ ስለዚህ ይህ ጉዳይ ከቦዩ ቁፋሮ ጋር በአንድ ጊዜ መጀመር አለበት።