ቸርኬን ማን ይጠብቀዋል?



አንድ በረዶ የጣለ ቅዳሜ፣ እኔ መምህራችሁ አውሮራ ሀቫና መንገድ ዳር መኪናዬን ላቆም ስጠጋ «ክርርር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ በረዶ ሸፍኖት አላየሁትም ነበር። ወርጄ ሳይ ቸርኬው ተፍቋል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚሁ ነው።

ውጭ ያለው ጥቁር ላስቲክ ጎማ ይባላል። ጎማውን የሚሸከመው ብረት ቸርኬ ነው። ጎማ የሚጠግን ሰው ደግሞ ጎሚስታ ይባላል። ሦስቱም ቃላት ወደ አማርኛ የገቡት ከጣልያንኛ ነው።

ብዙ ቸርኬዎች የሚሠሩት ከአሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ የመንገዱ ጠርዝ ሲሚንቶ ግን ይፍቀዋል። ቀለሙ ከተላጠ በብርድ ወራት መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ይበላዋል። በኃይል ከተመታ ደግሞ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፣ ንፋስም ያስወጣል። በታክሲ ለሚተዳደር ወላጅ መኪናው የቆመ ቀን እንጀራውም ቆመ ማለት ነው።

ታዲያ መከላከያው ምንድነው? አንዳንድ ጎማዎች ከቸርኬው አጠገብ ዙሪያውን ወጣ ያለ ወፍራም የላስቲክ ከንፈር አላቸው። መኪናው ጠርዙን ሲታከክ ቀድሞ የሚነካው ይህ ከንፈር ነው። ላስቲኩ ይፋቃል፣ ቸርኬው ይድናል። ይህ ለሌለው ጎማ ቸርኬው ላይ የሚገጠም የፕላስቲክ ቀለበት ይሸጣል።

ግን ልብ በሉ! ከንፈሩ የሚረዳው ለመታከክ እንጂ ለመጋጨት አይደለም። ደግሞም ቅዝቃዜው በ10 ዲግሪ ፋራናይት በጨመረ ቁጥር የጎማው ንፋስ በ1 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ይቀንሳል። ንፋስ ያነሰው ጎማ ይረግባል፤ ጉድጓድ ወይም ጠርዝ ሲመታም ቸርኬው በቀላሉ ይጎዳል። ስለዚህ ብርድ ሲመጣ ንፋስ ማስለካት ነው። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር በኩል ተጽፎ ይገኛል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ?

የቤት ሥራ

1. መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከአባዬ ወይም ከእማዬ ጋር ሆናችሁ ጎማውን በጣታችሁ ዳስሱ። ከንፈር አለው?
2. ጎማው ጎኑ ላይ ያበጠ ወይም በጥልቀት የተቆረጠ ቦታ ካያችሁ ወዲያው ተናገሩ፤ ጎሚስታ ሊያየው ይገባል።
3. ጎማ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ በሚሉት ቃላት ሦስት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን!