መሄድ እያማረው የቆየ ሰው

የአማኝ አገሩ ሰማይ ነው ከተባለ አንድ ጥያቄ አይቀርም። ሰው አምኖ በተጠመቀ ዕለት ለምን ወዲያው አይወሰድም? ሠላሳና አርባ ዓመት ግብር እየከፈለ፣ ልጅ እያሳደገ፣ ጉልበቱን እያመመው የሚቆየው ለምንድን ነው? የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይህን ሲጠይቁ ብዙ መምህር «ፈተና ነው» ብሎ ያልፋል። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው።

ጥያቄውን በራሱ ሕይወት ላይ ያነሣው ጳውሎስ ነው። ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ እስር ላይ ነበር፤ ፍርዱ በሞት ሊያልቅ እንደሚችልም ያውቃል። በመልእክቱ 1ኛ ምዕራፍ ሁለት ሐሳብ እንደያዘው ሳይደብቅ ይነግራቸዋል። ሄዶ ከክርስቶስ ጋር መሆን ለእሱ እጅግ ይሻለዋል፤ መቆየቱ ግን ለእነሱ ያስፈልጋል። ሚዛኑ ወደ መቆየት ደፋ። ልብ በሉ፤ ገና ለሰማይ የሚበቃ ሥራ አልሠራሁም አላለም። የመቆየቱ ምክንያት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ እነሱ በእምነት እንዲያድጉና ደስ እንዲላቸው ነው። ስለ ምድራዊ ኑሮ ዓላማ ከዚህ የጠራ ነገር ማግኘት የሚከብድ ይመስለኛል።

እነዚያ ሰዎች እነማን ነበሩ? ፊልጵስዩስ በመቄዶንያ ያለች የሮማውያን ሰፈራ ከተማ ነበረች። ወንዝ ዳር ቃሉን የሰማችው የቀይ ሐር ነጋዴዋ ልድያ፣ ጳውሎስን አስሮ የጠበቀውና በኋላ ከነቤተሰቡ የተጠመቀው የወህኒ ጠባቂ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው ማኅበሩን የጀመሩት። በዚያ ዘመን እስረኛ መንግሥት ያበላኛል ብሎ አይተማመንም፤ ስንቅ የሚያቀብል ዘመድ ወይም ወዳጅ ያሻዋል። ምሳ ዕቃ በፌስታል ይዞ እስር ቤት በር ላይ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የፊልጵስዩስ ሰዎችም ለጳውሎስ የሚያስፈልገውን በአፍሮዲጡ እጅ ላኩለት። አፍሮዲጡ እዚያው ሳለ ታሞ ለሞት ቀረበ፤ ተረፈና ጳውሎስ ወደ አገሩ መልሶ ሰደደው። እዚህ ላይ ነው የሚገርመው። ገና በቀደመው ምዕራፍ ሞት ለእኔ ጥቅም ነው ያለው ሰው፣ የአፍሮዲጡን መትረፍ የእግዚአብሔር ምሕረት ይለዋል፤ በኀዘን ላይ ኀዘን እንዳልተጨመረበትም ይናገራል። ሰማይን ስለናፈቀ የወዳጅ ሞት አልቀለለበትም።

ስንቅ ማቀበል ተራ ነገር እንዳይመስለን የማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ አለ። ጌታ በፍርድ ቀን የሚያነሣቸው ስድስት ነገሮች የታወቁ ናቸው፤ የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት፣ እንግዳን መቀበል፣ የታረዘን ማልበስ፣ የታመመንና የታሰረን መጠየቅ። በሰማይ ግን የሚራብ የለም፤ የሚታሰርም የለም። ስለዚህ ይህን ዓይነቱን ፍቅር ማሳየት የሚቻለው በዚህ ዕድሜ ብቻ ነው። ከሞት በኋላ ልሥራው ቢሉ የሚሠሩለት ሰው አይገኝም።

ይህ ማለት ሰው ሰማይን በሥራው ይገዛል ማለት አይደለም። የኤፌሶን መልእክት 2ኛ ምዕራፍ መዳኑን በጸጋ ያደርግና፣ ወዲያው ሰው የተፈጠረው ለመልካም ሥራ እንደሆነ ይጨምራል፤ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም።

«ዓለም ኃላፊ ጠፊ ነው» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥስ? በተሰሎንቄ ሥራ ፈተው የሚዞሩ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎች የጌታን ቶሎ መምጣት ከመጠበቅ ጋር ያያይዙታል። ድንኳን ሰፊው ጳውሎስ በጸጥታ እየሠሩ የራሳቸውን እንጀራ እንዲበሉ አዘዛቸው። ዓለምን ትተው የመነኑትም ቢሆኑ ከሥራ አላመለጡም። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የማኅበር ገዳምን ያደራጀው አባ ጳኩሚስ መነኮሳቱን ሰሌንና ቅርጫት ያሠራቸው ነበር፤ የእሱ ሥርዓት ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ ለእኛም ገዳማት ደርሷል።

የክርስትና ተስፋ ደግሞ ነፍስ ወደ ሰማይ በመሄዷ አያበቃም፤ ሥጋም ይነሣል። አንደኛ ቆሮንቶስ 15ኛ ምዕራፍ በ58 ቁጥሮች ይህንኑ ያስረዳል። ሲጨርስም ሙታን ስለሚነሡ ድካማችሁ ከንቱ አይደለም ይላቸዋል። የሚቀጥለው ምዕራፍ የሚጀምረው በመዋጮ ነው። እያንዳንዱ ሰው በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን ካገኘው ላይ ጥቂት ጥቂት ለብቻ እንዲያስቀምጥ ያሳስባል፤ ገንዘቡ ኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች የሚላክ ነበር።